ልጄ «ኮሌጁ አንድ ዓመት ይቆየኝና እስራኤል ልሂድ» አለችኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ከእህቶቼ ጋር እየተላላክን እናነበዋለን። ዛሬ ግን የራሴን ጭንቀት ይዤ መጥቻለሁ።

የተወለድኩት ጎንደር አጠገብ ካሉት የቤተ እስራኤል መንደሮች በአንዱ ነው። በፈረንጆቹ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን እስራኤል ስንገባ ሰባት ዓመቴ ነበር። ግንባሬ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎብኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከእኛ በፊት በሱዳን በኩል የሄደው አጎቴ ግን በረሃው ላይ ቀርቷል። እስራኤል አደግኩ፣ ተማርኩ፣ ወታደርነቴንም ጨረስኩ። ከባለቤቴ ጋር አሜሪካ የገባነው በ2006 ነው። ትልቋ ልጃችን የተወለደችው እዚህ ነው፤ አሁን 18 ዓመት ሞልቷታል።

ጎበዝ ልጅ ናት። ትመኘው የነበረው ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። ከክፍያው ግማሽ ያህሉን የሚሸፍን ስኮላርሺፕም ሰጥቷታል። እናቴ በስልክ እልልታዋን አቀለጠችው። ደስታችን ሳይበርድ ልጅቷ መጥታ «እማዬ፣ ኮሌጁ አንድ ዓመት ይቆየኝና እስራኤል ልሂድ» አለችኝ። ከምኩራባችን ልጆችና ከሰመር ካምፕ ጓደኞቿ ብዙዎቹ እንዲህ ያደርጋሉ። ጋፕ ዪር ይሉታል። ዘጠኝ ወር ያህል እዚያ ይቀመጣሉ፤ ዕብራይስጥ ይማራሉ፣ በነጻ ያገለግላሉ፣ አገሩን ያያሉ።

«ለምን ፈለግሽ?» አልኳት። «ምኩራብ ስሄድ የማያውቀኝ ሰው ሁሉ ‹አንቺ ደግሞ እንዴት አይሁድ ሆንሽ?› ይለኛል። ማስረዳት ሰለቸኝ። ማንም የማይጠይቀኝ ቦታ መኖር እፈልጋለሁ» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። «ብር የለንም» አልኳትና ተነሳሁ። እርግጥ ሀብታሞች አይደለንም፤ ግን ምክንያቴ እሱ አልነበረም። እስራኤል ትምህርት ቤት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት መምህሯ ስሜን ለመጥራት ስለከበዳት የዕብራይስጥ ስም አወጣችልኝ። እስከ ዛሬ የምጠራው በእሱ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ተነስታ ስትሄድ ያየኋትን አልረሳትም። ያንን ሸሽቼ ነው የመጣሁት። ልጄ ደግሞ ገንዘብ ከፍላ ልትገባበት ነው።

ባለቤቴ የሚፈራው ሌላ ነው። «ጦርነቱን አታይም? ደግሞስ ከገባች በኋላ ሠራዊቱ ቢይዛትስ?» ይላል። እስራኤል፣ ኪርያት መላኪ ከተማ ያለችው እናቴ ደግሞ ሳልሞት አንድ ዓመት በዓይኔ ልያት ትላለች። አርብ አርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ትደውላለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ስለምትለጥፈው በቪዲዮ የምናየው ሻሿን ብቻ ነው። ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ መመለስ ግን አትችልም። ሁለቱ እየተሳሳቁ ብቻ ይዘጋሉ።

የሰው ወሬም አለ። በመስከረም ኮሌጅ ያልገባች ልጅ «ምን ሆና ነው?» መባሏ አይቀርም። በዚህ ላይ ልጄ የቁጠባ ሒሳባችንን አይታ ብር እንዳለን አወቀች። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቃል ብቻ ነው የምትመልስልኝ። ለዩኒቨርሲቲው እስከ ሜይ 1 መልስ መስጠት አለባት። ምን ይሻለኛል?

ጭንቅ የያዛት እናት፣ ከሜሪላንድ

ምላሽ

እህቴ፣ ከገንዘቡ ልጀምር። ልጅሽ የተቀየመችሽ እዚያ ላይ ነው።

እስቲ አስቢው። ልጅቷ ለማንም የማታወጣውን ነገር ነው ያወጣችልሽ። ምኩራብ ውስጥ ማንነቷን ማስረዳት እንደሰለቻት ነገረችሽ። አንቺ ደግሞ «ብር የለንም» ብለሽ ተነሳሽ። ለምን እንዳልሽ ይገባኛል፤ ሌላው ሁሉ ጉሮሮሽ ላይ ተጣብቆ ነበር። እሷ ግን ሕመሟን ነግራሽ ስለ ዋጋ ነው የሰማችው። ብሩ እንዳለ ስታውቅ ደግሞ ቅያሜው ተደረበ። ልጆች ያልተነገራቸውን ነገር በግምት ይሞሉታል። ግምታቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ራሳቸው ነው። «እናቴ አታምነኝም» ብላ ይሆናል የምታስበው። አንቺን አውቶቡስ ውስጥ ያገኘሽ ነገር በምን ይመጣላታል?

ስለዚህ ስለ ፕሮግራምም ሆነ ስለ ቲኬት ከማውራታችሁ በፊት እሱን አንሺ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። መኪና ውስጥ ብቻችሁን ስትሆኑ ጥሩ ነው፤ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ማውራት ይቀላል። «ብር የለም ያልኩሽ ሌላውን መናገር ስላቃተኝ ነው» በያት። ከዚያ የስምሽን ነገር ንገሪያት። ለመሆኑ ስትወለጂ የወጣልሽን ስም ልጅሽ ታውቀዋለች? በረሃ ላይ ስለቀረው አጎትሽስ ሰምታ ታውቃለች? ለእኔ ይህን ሁሉ በጥቂት መስመር ጽፈሽልኛል። ለእሷ ስለመንገርሽ ግን ደብዳቤሽ ላይ አላየሁም።

ስትነግሪያት «ለዚህ ነው የማትሄጂው» ብለሽ አትዝጊው። ታሪኩን ብቻ ስጫት። ትጠይቅሽ። ብታለቅሺም ችግር የለውም፤ እናቷ ነሽ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ያየሽው ሁሉ እውነት ነው፣ ማንም «አጋንነሽው ነው» ሊልሽ አይገባም። ስማቸው የተቀየረባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። የቤተ እስራኤል ሰዎች የለገሱት ደም በስውር እየተደፋ እንደነበር በ1996 ሲሰማና ሕዝቡ ኢየሩሳሌም አደባባይ ሲወጣ አንቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሽ። በ2015 እና በ2019 ወጣቶቹ በፖሊስ ጉዳይ መንገድ ዘግተው ሲጮኹም ከዚህ ሆነሽ አይተሻል። ቁስሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም።

ግን ልጅሽ የምትገባበት እስራኤል አንቺ በሰባት ዓመትሽ የገባሽበት አይደለም። አንቺ ቋንቋ ሳታውቂ፣ መመለሻ ሳይኖርሽ ነው የገባሽው። እሷ የመመለሻ ቲኬት ይዛ፣ እንግሊዝኛ እየተናገረች፣ ኮሌጅ እየጠበቃት ነው የምትገባው። ዛሬ እዚያ ያለው ማኅበረሰብ ከ160,000 በላይ ነው፤ ግማሽ ያህሉም እዚያው የተወለደ ነው። ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የጦር መኮንን አለው። በ2020 ፕኒና ታማኖ ሻታ ሚኒስትር ሆናለች፤ እሷም በልጅነቷ በሱዳን በኩል የገባች ናት። ይህን የማነሳልሽ ያንቺን ለማሳነስ አይደለም። ልጅሽ የምትሄደው አንቺ የማታውቂያቸው ሰዎች ወዳሉበት አገር ጭምር መሆኑን እንድታስቢው ነው።

እንደ እኔ ከሆነ ልጅቷ ብትሄድ ደስ ይለኛል። ግን ሁለት ነገር ሳይስተካከል አትሂድ። አንደኛው የጠበቀችው ነገር ነው፣ ሁለተኛው ወረቀት ነው።

የጠበቀችው ምንድን ነው? ማንም የማይጠይቃት ቦታ። እህቴ፣ እዚህ ላይ ያንቺ እውቀት ያስፈልጋታል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የአሜሪካ ልጆች አንድ ላይ የሚኖሩባቸው ናቸው። ኢየሩሳሌም ወይም ቴል አቪቭ ዶርም ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ እርስ በርስ እንግሊዝኛ ያወራሉ፣ ማታ አብረው ይወጣሉ። እዚያ ቡድን ውስጥ እንደገና ብቸኛዋ ጥቁር ልጅ ልትሆን ትችላለች። ውጭ ስትወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያያት እዚያው እንዳደገች ኢትዮጵያዊት ነው። የምሽት ቤት በር ላይ ጓደኞቿ እየሳቁ ሲያልፉ ዘበኛው እሷን አስቁሞ በፈጣን ዕብራይስጥ መታወቂያ ይጠይቃታል። በአሜሪካ እንግሊዝኛ ስትመልስለት ፊቱ ይፈታል፣ ያሳልፋታል። ያ የፊት መፍታት ከማስቆሙ በላይ ሊያማት ይችላል። ያኔ «እናቴ ይህን ነግራኛለች» ብትል አንድ ነገር ነው፤ ማንም ሳይነግራት ብቻዋን ብትደርስበት ሌላ ነው።

ደስ የሚለውንም ንገሪያት። ኔታንያ ወይም ረሆቮት አውቶቡስ ውስጥ ነጠላ የለበሱ እናት ጎትተው አጠገባቸው አስቀምጠው «የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል። ምኩራባችሁ ውስጥ ከምትሰማው ጥያቄ ጋር ምንም አይገናኝም፤ ዘመድ ፍለጋ ነው። መልስ ግን ይፈልጋል። ስለዚህ ብትሄድም ባትሄድም የአያት የቅድመ አያቶቿን ስም እስከ ሰባት ትውልድ አስቆጥሪያት። ለጋብቻ ዝምድና እንዳይኖር ስትሉ የምትቆጥሩት ነውና አንቺ ባታስታውሺው እናትሽ ታስታውሰዋለች። አርብ ስትደውል ይጀምሩት። ሁለቱ ከሳቅ ሌላ የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ።

ወረቀቱ ላይ ባለቤትሽ ልክ ነው፣ ስሚው። ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ይህ ነው። ልጅሽ አሜሪካ ብትወለድም በእስራኤል ሕግ እስራኤላዊት ናት። አንቺ በመመለስ ሕግ፣ በሖክ ሃሽቩት ነው ዜግነት ያገኘሽው፤ ስለዚህ ውጭ አገር የወለድሻት ልጅ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ዜጋ ናት። ቆንስላ ሄዳችሁ አስመዘገባችኋትም አላስመዘገባችኋትም ይህ አይቀየርም። ስትገባም ስትወጣም የእስራኤል ፓስፖርት እንድትይዝ ይጠበቅባታል። ጓደኞቿ የሚያወጡት የተማሪ ቪዛ ለእሷ አይሆንም። ዕድሜዋም የወታደርነት ዕድሜ ነው።

ይህ ማለት ግን ይይዟታል ማለት አይደለም። ውጭ የተወለዱ ወይም በልጅነታቸው ከወላጆቻቸው ጋር የወጡ ልጆች በቆንስላ በኩል የሚያገኙት ደረጃ አለ፤ ለወንዱ ቤን መሃግሪም ይሉታል፣ የስደተኛ ልጅ እንደማለት ነው። ይህ ያለው ልጅ ኑሮው ውጭ እስከሆነ ድረስ ግዴታው ይራዘምለታል። ገደቡ እስራኤል ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ላይ ነው። ለአንድ የትምህርት ዓመት መጥቶ ለመመለስ ራሱን የቻለ አሠራር አለ፤ ያ ግን አስቀድሞ ተጠይቆ መረጋገጥ ያለበት ነገር ነው። በዝምታ ገብታ ዘጠኝ ወር ከተቀመጠች በኋላ አየር ማረፊያ ላይ የሚነሳ ጥያቄ መሆን የለበትም። ስለዚህ የልደት ምስክር ወረቀቷን፣ የእናንተን ተዑዳት ዜሁት (የእስራኤል መታወቂያ) እና ፓስፖርት ይዛችሁ ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲ የቆንስላ ክፍል ቀጠሮ ያዙ። የወታደርነት ደረጃዋን፣ ስንት ወር መቆየት እንደምትችል፣ ለመውጣት ምን እንደሚያስፈልጋት ጠይቁ። መልሱን በቃል አትቀበሉ፤ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ያ ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ ለፕሮግራሙ የማይመለስ ክፍያ እንዳትከፍሉ። ባለቤትሽ ዕብራይስጡን ከቻለ ይህን ሥራ ለእሱ ስጪው። ፍርሃቱን የሚያወጣበት ቦታ ያገኛል።

ልጅቷ ራሷ «ወታደር መሆን እፈልጋለሁ» ብትልስ? ብቻቸውን መጥተው የሚያገለግሉ ወጣቶች አሉ፤ እዚያ ሄደው ሐሳባቸው የሚቀየርም አሉ። ይህን ከአሁኑ በግልጽ ጠይቂያት። ልታስፈራሪያት ብለሽ ሳይሆን ምን እንደምታስብ ለማወቅ። አንቺ አገልግለሻል፤ ከማንም በላይ ልትነግሪያት ትችያለሽ።

የዩኒቨርሲቲው ነገር እንደምታስቢው ከባድ አይደለም። አንድ ዓመት ማራዘም አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ነው። ሃርቫርድ ራሱ ለተቀበላቸው ተማሪዎች ይህን ሲመክር የኖረ ነው፤ የኦባማ ትልቋ ልጅ ማሊያም በ2016 ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ሃርቫርድ የገባችው ከዓመት በኋላ ነው። የሰው ወሬ ሲመጣ ይህን መጥቀስ ትችያለሽ፣ ባትጠቅሺም ወሬው በጥቅምት ይደክማል። ቅደም ተከተሉ ግን መጠበቅ አለበት። እስከ ሜይ 1 ቦታውን ተቀብላ መያዣውን ትክፈል። ከዚያ ወይም አብሮ ለአድሚሽን ቢሮው ዓመቱን በምን እንደምታሳልፈው ጽፋ ማራዘሚያ ትጠይቅ። ደብዳቤውን አንቺ አትጻፊላት።

ሦስት ነገር ግን በጽሑፍ ይመለስላችሁ። ስኮላርሺፑ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይላታል ወይ? ይህ የሚጠፋበት ትምህርት ቤት አለ። ፋፍሳ የሚባለው የመንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ በየዓመቱ ስለሚሞላ እርዳታው እንደገና ይታያል። ሦስተኛው ደግሞ ይህ ነው፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች የኮሌጅ ክሬዲት እንሰጣለን ይላሉ፣ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ማራዘሚያ የወሰደ ተማሪ ሌላ ቦታ ክሬዲት እንዳይወስድ ይከለክላሉ። ክሬዲቱ ጥቅም መስሏችሁ የተሰጣትን ቦታ እንዳያስነካባት።

ስኮላርሺፑ ከጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? ያኔ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ። ግማሽ የኮሌጅ ክፍያ ለአንድ ዓመት ተብሎ የሚለቀቅ አይደለም። ልጅቷም ቁጥሩን ብታየው የምትረዳ ይመስለኛል።

ስለ ቁጥር ካነሳን፣ አሁን ስለ ብር በእውነት አውሩ። ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንዶቹ ለዓመቱ ከ20,000 ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። ርካሽም አሉ፤ በተለይ አገልግሎት ላይ የሚያተኩሩት። ማሳ የሚባለው ድርጅት በ2004 በእስራኤል መንግሥትና በአይሁድ ኤጀንሲ የተቋቋመ ነው፤ ብዙዎቹን ፕሮግራሞች ከሥሩ ያሰባስባል፣ ድጎማም ይሰጣል። ልጅሽ እስራኤላዊት ዜጋ መሆኗ ለድጎማው ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ቀድማችሁ ጠይቁ። የአካባቢያችሁን የአይሁድ ፌዴሬሽንና ምኩራባችሁንም ጠይቁ፤ ለወጣቶች የእስራኤል ጉዞ ገንዘብ የሚይዙ አሉ። አንድ ምሽት ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ ምን አለን፣ ምን እንችላለን፣ ምን አንነካም ብላችሁ ጻፉት። ለኮሌጅ የተቀመጠው አይነካ። ብድርም አይወሰድ። ልጅቷ በበጋው ሠርታ የኪሷንና የቲኬቷን ትቻል። «ብር የለንም» የተባለችው ልጅ የቤቱን ሒሳብ አብራችሁ ስታሰላ አመኔታው ይመለሳል።

ስለ ጦርነቱ የማያስፈራ ነገር ልንገርሽ ብል ዋሸሁ ማለት ነው። በጁን 2025 ከኢራን ጋር ጦርነት ሲነሳ የአየር ክልሉ ተዘግቶ ለአጭር ጉብኝት ሄደው የነበሩ ከ1,000 በላይ አይሁድ ወጣቶች በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ወጥተዋል። በሰላም ወጥተዋል፤ ወላጆቻቸው ግን እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፉ መገመት አያቅትሽም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ስትመርጡ ባለቤትሽ ስልኩ ላይ ይኑርና ይጠይቅ። ዶርሙ ማማድ (ከሮኬት የሚከላከል የተጠናከረ ክፍል) አለው ወይስ መጠለያው ስንት ደቂቃ ይርቃል? ባለፉት ጦርነቶች ልጆቹን ምን አደረጋችሁ? ዓመቱ ቢቋረጥ ብሩ ይመለሳል? ኢንሹራንሱ የጦርነት ጉዳትን ይሸፍናል? አፋቸውን ሞልተው የሚመልሱትንና የሚድበሰበሱትን በድምፃቸው ትለያላችሁ። ከዚህ ሌላ ቤት ውስጥ አንድ ስምምነት አድርጉ። ምን ሲሆን ትመለሳለች? ማን ነው የሚወስነው? እሷም እዚያ ሆና «ጓደኞቼን ጥዬ አልመጣም» ማለቷ ስለማይቀር አሁን ተስማምታችሁ ጻፉት።

የቱ ፕሮግራም ይሻላል ብትይኝ፣ ቢያንስ ለተወሰኑ ወራት ከእስራኤላውያን ጋር የምትኖርበትን ወይም የምትሠራበትን እመርጥላታለሁ። ኪርያት መላኪ (ያንቺ ቤተሰብ ከተማ)፣ ረሆቮት፣ ገደራ፣ ኪርያት ጋት በመሳሰሉት ከተሞች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆችን በእንግሊዝኛ የሚያግዝ ሰው ሁሌም ይፈለጋል። እዚያ የምታገኛቸው የእሷ እኩዮች ናቸው፤ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚሰሙ፣ ውጭ ዕብራይስጥ የሚያወሩ፣ እንደ እሷ በሁለት ነገር መካከል ያደጉ። ከእነሱ የምትማረውን አንቺም እኔም ልናስተምራት አንችልም። ፕሮግራሙን «ከሠራተኞቻችሁ መካከል የቤተ እስራኤል ልጅ አለ?» ብላችሁ መጠየቅ ነውር የለውም።

መስከረም ላይ ከሄደች የቤተ እስራኤል የስግድ በዓል ላይ ትደርሳለች። ከዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) በኋላ በሃምሳኛው ቀን ኢየሩሳሌም አርሞን ሃነጺቭ ላይ ቄሶቹ ጃንጥላ ይዘው ሲወጡ፣ ሽማግሌው ሁሉ ጾሞ ሲቆም አያቷን ክንዷን ይዛ ታቁማት። ከ2008 ጀምሮ በሕግ የአገር በዓል ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ኸርጽል ተራራ ላይ በሱዳን መንገድ ለሞቱት ወደቆመው መታሰቢያ ሁለቱ ይሂዱ። የአጎትሽን ነገር እናትሽ እዚያ ትንገራት፤ ወንድሟ ከሆነ ከአንቺ በላይ የእሷ ነው።

እናትሽ ቤት ግን ዓመቱን ሙሉ አታስቀምጫት። ይህን ስል እናትሽ ልትቀየም ትችላለች። የ18 ዓመት ልጅ አያቷ ቤት ከገባች ቀስ በቀስ ሐኪም ቤት አመላላሽ፣ ሰርግና ተዝካር ላይ የቤተሰቡ ተወካይ መሆኗ አይቀርም። ፍቅር ነው፤ ግን የመጣችበት ዓመት ያልቃል። ሰንበትን ከአያቷ ጋር፣ ሌላውን ቀን ከእኩዮቿ ጋር ብትሆን ሁለቱም ይናፈቃሉ። አርብ ከሰዓት ሄዳ ዳቦውን አብራ ትጋግር፣ ቡናውን ታፍላ። ለአማርኛዋም ከኮርስ የተሻለ ነው። ይህን ድንበር ለእናትሽ የምትነግሪያት አንቺ እንጂ ልጅሽ አትሁን።

ሁሉንም አይታችሁ «ዘንድሮ አይሆንም» ልትሉ ትችላላችሁ። ቆንስላው የማይመች መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ ስኮላርሺፑ ሊጠፋ ይችላል፣ ወይም ጦርነቱ ይብሳል። ያኔ ትክክለኛውን ምክንያት ንገሯትና ሌላ መንገድ አብራችሁ ፈልጉ። ኮሌጅ ከገባች በኋላ አንድ ሴሚስተር ኢየሩሳሌም ወይም ሃይፋ ዩኒቨርሲቲ መማር ትችል ይሆናል። ታግሊት የሚባለው የ10 ቀን ነጻ ጉዞም እስከ 26 ዓመት ዕድሜ ድረስ አለ፤ ለእሷ ጥያቄ ግን 10 ቀን ያንሳል ባይ ነኝ። አንቺና እሷ ብቻችሁን ለስግድ ብትሄዱስ? ከመጣሽ ወዲህ ለስንት ጊዜ ተመልሰሻል? ከልጅሽ ጋር ያደግሽበትን ሰፈር፣ ስምሽ የተቀየረበትን ትምህርት ቤት በር አልፈሽ ታውቂያለሽ? መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም።

ጊዜው አጭር ስለሆነ በዚህ ሳምንት የሚሠራው ይህ ነው። መጀመሪያ አንቺና ልጅሽ ታወራላችሁ። ሰኞ ባለቤትሽ የኤምባሲውን ቀጠሮ ይይዛል፤ ቶሎ ላይገኝ ስለሚችል አይደር። በዚያው ቀን ልጅሽ ለአድሚሽን ቢሮው ስለ ማራዘሚያውና ስለ ስኮላርሺፑ ኢሜይል ትጽፋለች። ከሜይ 1 በፊት ከሁለቱም ቦታ መልስ ካልመጣ ቦታውን ተቀበሉና መያዣውን ክፈሉ፤ የእስራኤሉን ውሳኔ ለማሳደር ያ ጊዜ ይሰጣችኋል።